ቀለም የተቀባው ገላ ልብስ እስኪለብስ፦ የአንድ ጥብቅ ዲጂታል ልብስ የጉዳይ ጥናት

«ይቺ ልጅ ልብስ አልለበሰችም፤ ሰማያዊ ቀለም ነው የተቀባችው።»

የመጀመሪያውን ሙከራዬን ያየችው አዘጋጅ ያለችኝ ይህንን ነው። እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሠራሁት ሁሉ ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር መልስ ፍለጋ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለአንድ አጭር የአኒሜሽን ሥራ የአንዲት ጂምናስት ባለ ሦስት አውታር ዲጂታል ገላ ተዘጋጅቶ ተሰጠኝ። ቁመቷ 1.65 ሜትር ነው፤ ገላዋን የሚያንቀሳቅሱት ዲጂታል አጥንቶቿ ገብተውላታል፤ እንቅስቃሴዋም ተሠርቶ አልቋል። በ20 ሰከንድ ውስጥ ክንዶቿን ከራሷ በላይ ታነሳለች፣ ጎንበስ ብላ መሬት ትነካለች፣ ቁጢጥ ብላ ትነሳለች፣ በመጨረሻም አንድ እግሯን ወደ ጎን እስከ ትከሻዋ ከፍታ ትወስዳለች። የእኔ ድርሻ ልብሷ ብቻ ነበር፦ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ከገላዋ ጋር ልክክ የሚል የልምምድ ልብስ። የሠራሁት ብሌንደር በተባለው የባለ ሦስት አውታር ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ነው።

ለዲጂታል ገላ ልብስ መሥራት ለጀመረ ሰው ሰፊ ልብስ ከባድ፣ ጥብቅ ልብስ ቀላል ይመስለዋል። የእኔ ልምድ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ካባ ከገላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ ከሥሩ የሚፈጠረውን ስህተት ይሸፍናል። ጥብቅ ልብስ ግን የሚሸፍንበት ቦታ የለውም። የጨርቁ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ቆዳውና ጨርቁ በዚያች ቀጭን ክፍተት ውስጥ ሳይተላለፉ አብረው መታጠፍ፣ መጠምዘዝና መለጠጥ አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ትንሽ ከዘገየ ቆዳው ጨርቁን ሰንጥቆ ብቅ ይላል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ዲጂታል ገላ ማለት በነጥቦችና በመስመሮች የተያያዙ የትናንሽ ገጾች መረብ ነው። ልብሱ የሚሸፍነውን የገላ ክፍል መርጬ ቀዳሁት፤ ቅጂውን ለብቻው ለየሁት፤ እያንዳንዱን ነጥብ በ3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ገፋሁት፤ ጠርዙን አወፈርኩት፤ ሰማያዊ ቀለም ሰጠሁት። ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው።

ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም። ቅጂው የገላውን ነጥቦች አንድ በአንድ ስለሚወርስ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለየትኛው አጥንት ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚወስነውን ቁጥር፣ በሙያው «ክብደት» የምንለውን፣ አብሮ ይወርሳል። ክርኗ ሲታጠፍ ጨርቁም ቆዳውም በእኩል ይታጠፋሉ። ከሩቅ ለምትታይ ገጸ ባሕርይ ከዚህ በላይ መድከም ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ጂምናስት ግን ስክሪኑን ሞልታ ነው የምትታየው። ጠጋ ብዬ ሳያት ችግሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ልብሱ እምብርት ነበረው። በጀርባዋ መሐል የሚወርደው የአከርካሪ ቦይ በጨርቁም ላይ ወርዷል። ከአንገቷ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች፣ በጎድኖቿ መካከል ያሉት ስርጉዶች፣ የብብቷ እጥፋት፣ ሁሉም በጨርቁ ላይ እንደ ማኅተም ታትመዋል። የቆዳን ስርጉድ ሁሉ ተከትሎ የሚገባ ቀለም ነው፤ ጨርቅ እንዲህ አያደርግም። መፍትሔ መስሎኝ ክፍተቱን ከ3 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግሁት። ልጅቷ ወፈረች፤ እምብርቱ ግን እዚያው ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ጡጫ

ከኮምፒውተሩ ተነስቼ የስፖርት ልብስ የሚሰፉ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ገና ተሰፍቶ ያለቀ የልምምድ ልብስ ተዘርግቶ ነበር። ስፋቱ ከሁለት መዳፍ እምብዛም አይበልጥም።

«ለሕፃን ነው እንዴ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ለአዋቂ ነው። ልኩ የሚመጣው ሲለበስ ነው» አሉኝ።

የሚለጠጥ ጨርቅ ሲቆረጥ ከሰውነቱ ልክ ያንሳል፤ ሰውነቱ ነው ወጥሮ ወደ ልኩ የሚያመጣው። ይህን ያስቻለው ኢላስቴን የተባለው ክር ነው፤ ብዙዎቻችን ስፓንዴክስ በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። ክሩን እ.ኤ.አ. በ1958 በዱፖንት ኩባንያ የሠራው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ነው። ክሩ ከራሱ ርዝመት ከአምስት እጥፍ በላይ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጨርቁ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም የልብሱን ጠባይ የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ሴትዮዋ ያሳዩኝን ግን ያለ እሳቸው ለማየት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር። ቁራጭ ጨርቅ አንስተው በጨበጡት እጃቸው ላይ ወጠሩት። በጣቶቻቸው አንጓዎች መካከል ያሉት ጎድጓዳዎች ጠፉ። ጨርቁ ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ተሻገረ፤ ወደ መሐል አልወረደም። በጣቴ ስጫነው ወረደ፤ ስለቀው ተመለሰ።

የተወጠረ ጨርቅ ከጉብታ ወደ ጉብታ በአጭሩ መንገድ ይሻገራል። እምብርትን፣ የአከርካሪን ቦይ፣ በጡቶች መካከል ያለውን ስፍራ እንደ ድልድይ ያልፋቸዋል። ጥብቅ ልብስ ልብስ መሆኑ የሚታወቀው ከገላው በሚለይባቸው በእነዚህ ቦታዎች ነው። እያንዳንዱ ጡንቻ ተለይቶ የሚታይባቸው የልዕለ ጀግና ሥዕሎች ዓይናችንን ስላስለመዱት ይህን ለማየት እንቸገራለን፤ እኔም ለዓመታት ሳላየው ኖሬያለሁ።

ጨርቁን በስሌት መወጠር

ቀጣዩ እርምጃ ግልጽ ነበር፦ እንደ ልብስ ሰፊ ቅድ አዘጋጅቶ በስሌት መስፋት፤ ማለትም ጨርቁ እንዴት እንደሚወጠር ኮምፒውተሩ እንዲያሰላ ማድረግ። ብሌንደር ጠፍጣፋ ቁርጥራጮችን በክር መስመሮች ስቦ ማገጣጠም ይችላል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራው ማርቨለስ ዲዛይነር የተባለው ፕሮግራምም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የፊት፣ የኋላ፣ የእጅጌና የእግር ቁርጥራጮችን ከገላው ውጭ አቆምኩ፤ ሰፋኋቸው፤ ከዚያ ጨርቁ በ10 በመቶ እንዲሸማቀቅ አዘዝኩት። ከሰውነት ልክ አሳንሶ የመቁረጥ ዲጂታል ወንድሙ ይህ ማሸማቀቂያ ነው።

ውጤቱ ግን ጥብቅ አልነበረም። ልብሱ ከገላው ዙሪያ እንደ ቅርፊት ተንሳፈፈ። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ በዚህ መንገድ ለሚመጣ ሰው ያንን ግማሽ ቀን ላተርፍለት እወዳለሁ። ብሌንደር ውስጥ ጨርቁ ከሚነካው አካል የሚጠብቀው ርቀት ካልተቀየረ በቀር 0.015 ሜትር ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለመጋረጃ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ልብስ ግን ከጨርቁ ውፍረት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ወደ 2 ሚሊ ሜትር አወረድኩት፤ በገላው በኩል ያለውን ተመሳሳይ ርቀት፣ «የውጭ ውፍረት» የሚባለውንም እንዲሁ። ርቀቱ ሲያጥር መረቡም አብሮ መጥበብ አለበት፤ አለበለዚያ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ቀጥተኛ ገጽ የተጠጋጋውን ትከሻ ይቆርጠዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። ጨርቁ ቀስ በቀስ ተሸማቆ ገላውን ያዘ፤ እምብርቱ ጠፋ፤ በጀርባዋ ላይ ያ ረጅም ለስላሳ ድልድይ ተዘረጋ። ቆማ ሳለች ልብስ ለበሰች።

እንቅስቃሴው ሲጀመር ነገሩ ተበላሸ። በተለይ ቁጢጥ ስትል ልብሱ በጭኗና በሆዷ መካከል ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ተበታተነ። ጥፋቱ የጨርቁ አልነበረም። ዲጂታል ገላ ሲታጠፍ ሥጋው እንደ እኛ ተጨፍልቆ ቦታ አይለቅም፤ ጭኑ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ከሁለቱም ውጭ ሁን ሲባል የሚሄድበት ቦታ የለም። ሁለተኛም ምክንያት አለ። መለጠጥን በብርቱ የሚቃወም ጨርቅ ለስሌት አስቸጋሪ ነው። ዴቪድ ባራፍና አንድሪው ዊትኪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ዘዴ ስሌቱ በሰፊ የጊዜ እርምጃ ሳይፈርስ እንዲራመድ በማስቻሉ የጨርቅ ሥራን ለውጦታል። ቢሆንም ሰፊ ቀሚስ ገላውን የሚነካው እዚህም እዚያም ሲሆን፣ ጥብቅ ልብስ በሁሉም ነጥቡ፣ በሁሉም ቅጽበት ይነካል። በግጭት ላይ ግጭት ይደራረባል።

ስለዚህ ወሰንኩ፦ ስሌቱ የቆመውን ቅርጽ ይስጠኝ፤ እንቅስቃሴውን ግን አጥንቶቹ ይምሩት። የተወጠረውን ልብስ በቆመበት አቆየሁት፤ በላዩም ላይ ንጹሕ መረብ እንደገና ዘረጋሁ። መስመሮቹ ክርንና ጉልበትን እንዲከብቡ፣ ስፌት በሚያልፍበት በኩልም እንዲያልፉ አደረግሁ። ይህ ሁለት ቀን የፈጀ የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙ የሚነገርለት የለም።

ከጭን ወደ ጭን የተዘረጋው ክር

አዲሱ መረብ የገላው ቅጂ ስላልሆነ ክብደት የለውም። ክብደቱን ከገላው ማስተላለፍ ይቻላል፤ እያንዳንዱ የጨርቅ ነጥብ በአቅራቢያው ያለውን የቆዳ ገጽ ፈልጎ ቁጥሩን ይወስዳል። በጀርባ፣ በሆድ፣ በክንድ ላይ ያለ ችግር ሠራ። እግሯን ወደ ጎን ስታነሳ ግን ከግራ ጭኗ ውስጠኛ ክፍል አንድ የጨርቅ ክር ተመዝዞ ቀኝ ጭኗ ላይ ቀረ።

ልጅቷ ስትቆም ጭኖቿ ይቀራረባሉ። ከግራው ልብስ አንዳንድ ነጥቦች «ቅርቤ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ቀኝ ጭን ሆነ። በብብትም ያው ነው፤ የእጅጌው ነጥቦች የጎድንን ክብደት ወሰዱ። ብዙዎች ይህን በብሩሽ ነጥብ በነጥብ ያጸዳሉ። እኔም አንድ ቀን ሙሉ ሞከርኩ፤ አንዱን ሳጸዳ ሌላው ይበላሻል።

የሠራው መንገድ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ገላዋን ቀድቼ ቅጂውን ቆራረጥኩት፦ ግራ እግር ብቻ፣ ግራ ክንድ ብቻ፣ ከአንገት እስከ ወገብ ብቻ። የግራውን እግር ልብስ ክብደት ከግራው እግር ቁራጭ አስተላለፍኩ፤ ቀኝ ጭን በአካባቢው ስላልነበረ የሚሳሳትበት ነገር አልነበረም። እጅጌውንም ከክንዱ ቁራጭ እንዲሁ። ትከሻና ዳሌ ላይ፣ ቁራጮቹ በሚገናኙበት፣ ክብደቱን በስሱ አለሰለስኩት፤ የግራውንም ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። ክሩ ጠፋ።

በዚሁ ሰሞን አንድ ተራ ስህተትም አርሜአለሁ። ገላው በሁለት ደረጃ ሲለሰልስ ልብሱ በአንድ ደረጃ ነበር የሚለሰልሰው። የመረቡን ገጾች እየከፋፈለ የሚያለሰልሰው የካትሙልና የክላርክ ማለስለሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የምንጠቀምበት፣ ጉብ ያለ ቅርጽን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሁለት ተደራራቢ ገጾች በተለያየ ደረጃ ከለሰለሱ በመካከላቸው ያለው ሚሊ ሜትር በቀላሉ ይበላል። ደረጃቸውን እኩል ሳደርግ ትከሻዋ ላይ ይፈነጥቁ የነበሩት የቆዳ ነጠብጣቦች አብዛኞቹ ጠፉ።

በእንቅስቃሴ ውስጥ ድልድዩን ማቆየት

ቆማ ሳለች የተገኘው ድልድይ ጎንበስ ስትል መፍረስ የለበትም። ለዚህ ከአጥንቱ ትእዛዝ በኋላ ሁለት እርምጃዎችን አስከተልኩ፦ መጀመሪያ ጨርቁን ማለስለስ፣ ቀጥሎ ከቆዳው ሥር የገባ ነጥብ ካለ ወደ ውጭ አውጥቶ በ1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ማቆም። ማለስለሱ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ጎረቤቶቹ አማካይ ስለሚስበው ውጥረትን ይመስላል፤ ሁለተኛው እርምጃ የገላውን ተቃውሞ ይተካል። ሁለቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምኳቸው። በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም እንቅስቃሴው በተሠራበት በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ ጨርቁ ወደ ጎድጓዳው ሳይወርድ፣ ጉብታውንም ሳይበሳ ይኖራል። ከሙሉው የጨርቅ ስሌት ጋር ሲነጻጸር በጣም ፈጣን ነው፤ አይበታተንምም።

ብብትና ብሽሽት ግን ከዚህ ውጭ መሆን አለባቸው። እዚያ ሁለት ቆዳዎች ስለሚተያዩ «ቅርቡ ገጽ» ከፍሬም ወደ ፍሬም ይቀያየራል፤ ነጥቦቹም ይዘላሉ። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ከሁለተኛው እርምጃ አወጣኋቸውና በእጅ አስተካከልኳቸው።

የእጅ ሥራው መጨማደድን ይመለከታል። ነጥብ ለብዙ አጥንቶች ሲታዘዝ ቦታው የሁሉም አማካይ ስለሚሆን ጉልበትና ክርን ሲታጠፉ ይሟሽሻሉ፤ ገላውም ልብሱም። ስለዚህ ለክርን፣ ለጉልበት፣ ለዳሌና ለተነሳ ክንድ፣ በየጎኑ አራት አራት የማረሚያ ቅርጾች ቀረጽኩ። አጥንቱ እየታጠፈ ሲሄድ ቅርጹ እየጎላ ይመጣል። ማረሚያን ከአቋቋም ጋር የማያያዝ ሐሳብ በዘርፉ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሉዊስ፣ ኮርድነርና ፎንግ በጥናት ጽሑፍ አደላድለውታል።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚጠይቀው ነገር መጨማደዱ የት እንደሚቀመጥ ነው። ጥብቅ ልብስ በተለጠጠበት በኩል አይጨማደድም። ክርን ሲታጠፍ የውጩ ጎን ይወጠራል፣ ይለሰልሳል፤ እጥፋቶቹ ሁሉ በውስጠኛው ጎን ይከማቻሉ፣ ጥቂትና ጥልቅ ሆነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ከብብት ወደ ወገብ የሚወርዱ ረጃጅም ቀጭን የውጥረት መስመሮች ይወጣሉ። ልብስ ለብሼ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ በአንድ ስልኬ ላይ ቀርጬ ነው የሠራኋቸው። በዘፈቀደ የተበተነ መጨማደድ ልብሱን ጥብቅ ሳይሆን ያልተተኮሰ ያስመስለዋል።

ጠርዙ

አንገት፣ የእጅ አንጓና ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው ቅምቅማት ከሁሉም ያነሰ ሥራ ወሰደ፤ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ አመጣ። ዓይን ልብስን ከቆዳ የሚለየው እዚያ ነው። ሁለት ነገር አደረግሁ። ቅምቅማቱን ከቀረው ጨርቅ በእጥፍ አወፈርኩት፤ እውነተኛ ቅምቅማት የታጠፈ ጨርቅ ነውና። ከዚያ ገላውን ራሱን ነካሁት፤ ከቅምቅማቱ ሥር ያለውን ቆዳ በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስረጎድኩ፣ ከጠርዙ ወዲያ ያለውን ደግሞ ለዓይን በማይጎላ መጠን ከፍ አደረግሁ። ላስቲክ ሥጋን ይጫናል፤ ሥጋም ጎን ለጎን ይገፋል። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁልጊዜ ልብሱን ነበር ከገላው ጋር ለማስማማት የምደክመው።

ከልብሱ ሥር የሚውለውን የቀረውን ገላ ደበቅሁት፤ ከየጠርዙ ወደ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርቼ። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ባለሙያዎች አሉ። አልስማማም። የማይታይ ቆዳ ማድረግ የሚችለው ነገር ጨርቁን ቀድዶ መውጣት ብቻ ነው። ጨርቁ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቢሆን ኖሮ ግን ገላው ከሥሩ መኖር ነበረበት።

ለጨርቁ ገጽታ የሹራብ ጥለቱን ከገላው ካርታ፣ ማለትም ቆዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋበት ምስል፣ አልወሰድኩም፤ ከመወጠሩ በፊት ከነበረው ጠፍጣፋ ቅድ ወሰድኩት። ስለዚህ ጉልበትና ትከሻ ላይ ጥለቱ በራሱ ሰፋ፣ ቀለሙም ፈዘዝ እንዲል አደረግሁት፤ ስፌቶቹም ቅዱ በሚገናኝበት ወደቁ። ከመጨረሻው ምስል በፊት ልብሱን ለጊዜው የሚያብረቀርቅ ግራጫ አልብሼ ሁሉንም ፍሬም አየሁ። ብርሃን የሚንጸባረቅበት ገጽ ትንሿን ስርጉድ እንኳ አይደብቅም። በቀኝ ዳሌዋ ላይ፣ እግሯ ከፍ ባለባቸው ስድስት ፍሬሞች ውስጥ አንድ መታጠፍ አገኘሁ፤ በእጅ ገፍቼ አስተካከልኩት።

አዘጋጇ እንደገና መጥታ ሃያውን ሰከንድ ሁለት ጊዜ አየች። ሦስተኛውን ጊዜ አንጓዋ የሚታይበት ቦታ ላይ አስቆመችው።

«እጅጌው እጇ ላይ ትንሽ አልጠበቃትም?» አለችኝ።

ስርጉዱን ከ2 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቀነስኩትና ሥራውን አስረከብኩ።